ለፍጥረት ስም ያወጣ ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ እግዚአብሔር የፈጠራቸውን እንስሳት በአዳም ፊት አቅርቦ ስም የማውጣቱን ሥራ ለእርሱ ተወለት፤ አዳም ያወጣውም ስም ጸና። ይህን ክፍል ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ፈጥነን እናልፈዋለን፤ ሐሳባችን ወደ ሔዋን መፈጠር ይቸኩላልና። ነገር ግን በውስጡ ቆም ብለን ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ። ፈጣሪ ለፍጥረቱ ስም ማውጣት ሲቻለው ስለ ምን ለሰው ተወለት? ሰውስ ለአንድ ፍጥረት ስም ሲያወጣ ምን ማድረጉ ነው? ያውቀዋልን? ይገዛዋልን? ወይስ ባለዕዳው ይሆናል?

የሀገራችን ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በስድስቱ ዕለታት ከፍለው ሲቆጥሩ፣ ሕያዋኑን «ዘመደ እንስሳ፣ ዘመደ አራዊት፣ ዘመደ አዕዋፍ» እያሉ በየወገናቸው ይመድባሉ። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፊሳልጎስም የእንስሳትን ጠባይ እየጠቀሰ መንፈሳዊ ትርጓሜ ይሰጣል። «ዘመድ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። አባቶች ፍጥረትን ሲመድቡ የመረጡት የዕቃ ቤት ቃል ሳይሆን የዝምድና ቃል ነው።

ጥያቄውን በሩቅ ምሳሌ ማስረዳት አያስፈልገንም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ በስተ ምሥራቅ የስሜንን ተራሮች ያያል። ከሁለት መቶ ዓመታት ጥቂት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በእነዚያ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ስም ወጥቶላቸዋል፤ አንዳንዶቹም ስማቸው ተሽሮ ሌላ ተተክቶላቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1832 ኤድዋርድ ሩፕል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከምጽዋ ተነሥቶ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ጊዜው ስሜን በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ የነበረበት ነው። ሩፕል የሰበሰባቸውን እንስሳትና ዕፀዋት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ፍራንክፈርት ቤተ መዘክር ወሰደ፤ ከ1835 ጀምሮም መግለጫቸውን አሳተመ። ዋሊያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን በላቲን ስም መዝግቦ ለዓለም ሊቃውንት ያቀረበው እርሱ ነው።

የዚህን ሥራ አካሄድ ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። ተመራማሪው አንድ እንስሳ ወስዶ ቆዳውንና አፅሙን በቤተ መዘክር ያስቀምጣል፤ ይህ ናሙና ለስሙ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ከዚያም ከሚታወቁት እንስሳት ጋር አካል ለአካል፣ ጥርስ ለጥርስ ያስተያየዋል፤ የሚለይበትንም ይጽፋል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ በ1758 ለእንስሳት ባጸናው ሥርዓት መሠረት ስሙ ሁለት ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያው የወገኑ ወይም የጂነሱ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። በታወቀ ወገን ላይ አዲስ ዝርያ መጨመር በነባር ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን እንደ መመዝገብ ነው። አዲስ ወገን ማቆም ግን «ይህ ፍጥረት ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱም አይገባም፤ ለብቻው ቤት ይሠራለት» ብሎ መፍረድ ነው። ከባድ ፍርድ ነው።

ሩፕል ጭላዳን በ1835 ሲመዘግብ «ማካከስ» ከሚባሉት የእስያና የሰሜን አፍሪካ ጦጣዎች ጋር ቆጥሮት ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ ፈረንሳዊው ኢሲዶር ዥዮፍሯ ሴንት ኢሌር ጭላዳ የራሱ ወገን ሊኖረው እንደሚገባ ፈርዶ «ቴሮፒቴከስ» አለው፤ በግሪክ አውሬና ጦጣ የሚሉትን ቃላት ያጣመረ ስም ነው። ጭላዳ ሣር የሚግጥ ነው፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ ይውላል። ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ሥፍራ አለው። አፍንጫውም እንደ ዝንጀሮ ከአፉ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገባ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት የሴንት ኢሌርን ፍርድ አጽንተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ይህ «አዲስ ወገን» ለማን ነው አዲስ የሆነው? የስሜንና የዳባት እረኛ ጭላዳን ከዝንጀሮ ለይቶ ሲጠራ የኖረው ከሩፕል በፊት ነው። የትኛው ሣር እንደሚግጥ፣ የትኛው በገደል አፋፍ እንደሚያድር፣ ገብስ ሲደርስ ማን ማሳ እንደሚገባ (ጭላዳም ቢሆን ንጹሕ አይደለም) ያውቃል። የፓሪሱ ሊቅ በ1843 ለሁለት ፍጥረታት ሁለት ቤት ሲሠራ የባላገሩ ቋንቋ ሁለት ስም ካወጣላቸው ቆይቷል። ሩፕል ለዚህ ዕውቀት ባለ ውለታ መሆኑን በከፊል አሳይቷል፤ በጭላዳና በዋሊያ የላቲን ስም ውስጥ የሀገሬውን መጠሪያ አስገብቷልና። ዛሬ በየትኛውም የዓለም ክፍል ያለ ሊቅ ዋሊያን በሳይንሳዊ ስሙ ሲጠራ ሳያስበው አማርኛ ይናገራል። ይሁን እንጂ በየገደሉ ይዘውት የሄዱት ሰዎች ስም ከእንስሳቱ ስም ጋር አልተጻፈም። ለፍየል መሰሉ አውሬ ስሙ ተጠብቆለት ለመሪው ሰው ያልተጠበቀለት መሆኑ ሚዛኑ የተዛባ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ወገን የምንለው ነገር በፍጥረት ውስጥ በእውነት ያለ ነውን ወይስ እኛ ለመመደብ እንዲመቸን የፈጠርነው መጠሪያ ነው? ጥያቄው ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ የነበረ ነው፤ በመካከለኛው ዘመንም የአውሮፓ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ከፍሎ አከራክሯል። አንዱ ወገን የወል ስም ከድምፅ በቀር ሌላ ነገር የለውም ሲል፣ ሌላው የወል ባሕርይ ከነገሮቹ ተለይቶ በራሱ የቆመ ነው ይል ነበር። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በመካከል ሄደው፣ ባሕርዩ በነገሮቹ ውስጥ በእውነት እንዳለ፣ የወልነቱ መልክ ግን በሚያውቀው አእምሮ ውስጥ እንደሚገኝ አስተማሩ። የቅዱስ ቶማስ «ጄኑስ» እና የእንስሳት ተመራማሪው «ጂነስ» አንድ ቃል ቢሆኑም አንድ ነገር እንዳልሆኑ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን፤ የፊተኛው የሐሳብ፣ የኋለኛው የትውልድ ሐረግ ምድብ ነው። ቢሆንም ሚዛኑ ያገለግለናል።

የስሜን ፍጥረታት ታሪክም ለዚህ ሚዛን የሚቀርብ ማስረጃ ነው። በተራራው አናት ላይ የሚበቅለውን ጅብራን እንመልከት። ሩፕል ከወሰደው ናሙና ተነሥቶ ፍሬዜኒዩስ የተባለ የፍራንክፈርት የዕፀዋት ሊቅ በ1838 «ሪንኮፔታለም» የሚል አዲስ ወገን አቆመለት። ቆይቶ ግን ጅብራ ቀድሞ ከታወቀው ከሎቤሊያ ወገን እንደሆነ ታየና ያ ቤት ተዘጋ፤ የቀድሞው የወገን ስም ዛሬ የዝርያው ስም ሆኖ ብቻ ቀርቷል። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው። ሩፕል «ካኒስ» ከሚባለው ከውሻና ከተኩላ ወገን ቆጥሮት ሳለ፣ እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1868 ለብቻው ወገን አቁሞ በስሜን ስም «ሲሜኒያ» ብሎ ጠራው። ሀገራችን በአንድ የእንስሳ ወገን ስም መጠራቷ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ግን አልጸናም። በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ይህ እንስሳ ለተኩላና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖረው ለካዮቲ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሳየ። ሲሜኒያም የተሻረ ስም ሆኖ ቀረ።

አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲያስ ሁሉም የሊቃውንት ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ይሠሩታል፣ ነገ ያፈርሱታል» ይል ይሆናል። እኛ እንደዚህ አንልም። ቤቱ የፈረሰው እውነት ስለሌለ ሳይሆን ስላለ ነው። ቀይ ቀበሮ የተኩላ ዘመድ የሆነው በ1994 አይደለም፤ ግሬይ ሲሜኒያ ብሎ በጠራው ቀንም ዘመድ ነበር። ዝምድናው ከእኛ አይደለም፤ መስመሩን የት እናስምር የሚለው ግን የእኛ ፍርድ ነው፣ ስለዚህም ሊታረም ይችላል። የተራማጅ ሐሳብ ወዳጆች ሁሉ ነገር የሰው ስያሜ ነው ሲሉ የመጀመሪያውን እውነት ይረሳሉ፤ ያወጡትን ስም እንደ ወንጌል የሚጠብቁ ደግሞ ሁለተኛውን ይረሳሉ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ደስ የሚል ምሳሌ አለ። የቅዱስ ዮስቲኖስ ዴ ያቆቢስ፣ የእኛው የአቡነ ያዕቆብ፣ ማኅበር የሆነው የላዛሪስት ማኅበር አባል አባ አርማን ዳቪድ በቻይና ሲያገለግሉ ጥቁርና ነጭ መልክ ያለውን ፓንዳን በ1869 ለምሁራን ገለጡት፤ የድብ ወገንም ነው አሉ። በሚቀጥለው ዓመት የፓሪሱ ሚልን ኤድዋርድስ አዲስ ወገን አቆመለት፤ ከዚያም ፓንዳ የድብ ነው ወይስ ራኩን የሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ዘመድ ነው በሚል ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ የዘረመል ምርመራ ከድብ ቤተሰብ መሆኑን አረጋገጠ። ሁለቱም በየድርሻቸው ልክ ነበሩ፤ ፓንዳ የራሱ ወገን አለው፣ ቤተሰቡ ግን አባ ዳቪድ ያሉት ነው። በስሜንም እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። በአቡነ ያዕቆብ ትምህርት ካቶሊክ የሆነው ጀርመናዊው ጊዮርጊስ ዊልሄልም ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ በሀገራችን ኖሮ የስሜንን ዕፀዋት ሰብስቧል፤ በ1878 በዓድዋ ዐርፏል፤ በስሙ የተጠሩ ዕፀዋትም ብዙ ናቸው።

ስም መሳሳት ግን የሊቃውንትን መጽሐፍ ብቻ አያበላሽም፤ ፍጥረቱንም ይጎዳል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ቁጥሩም በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም። አልፎ አልፎ ግልገል ቢነካም ምግቡ ባመዛኙ አይጥና መሰሎቹ ናቸው። እረኛው ግን «ቀበሮ» ሲል በተረት ያደገበትን ተንኰለኛ ያስባል፤ ስሙ ፍርዱን ይዞ ይመጣል። «ቀበሮ አይደለም፣ ተኩላ ነው» ብለን እናስተካክለው ብንል ደግሞ የባሰ ይመጣል። በበግ ለምድ የሚመጣው ማን እንደሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ ያደገ ባለ በግ ተኩላ ሲባል ምን ያነሣ ይመስለናል? ዱላ ነው። በሳይንስ የቀና ስም በሰፈር ቋንቋ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። የዝምድናው ዕውቀት ግን ይጠቅማል። ቀይ ቀበሮ የውሻ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የውሻ በሽታ ይይዘዋል፣ በባሌም ከውሻ ጋር ሲዳቀል ታይቷል። ከሁሉ የሚያሠጋው ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነው። በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ውሻውን የሚያስከትብ ገበሬ ሳያውቀው ለዚህ ፍጥረት ዘብ ይቆማል።

እንግዲህ ዕዳው ምንድን ነው? ቅዱስ ቶማስ የፍጥረታት ብዛትና ልዩነት ከየት እንደመጣ ሲመረምሩ፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንድ ፍጥረት ብቻውን ሊያሳይ ስለማይችል አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላ ዘንድ ብዙ ሆነው ተፈጠሩ ይላሉ። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እያንዳንዱ ፍጥረት የራሱ መልካምነት እንዳለው ያስተምራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ በእኛ ምክንያት የሚጠፉ ዝርያዎች በህልውናቸው ለፈጣሪ የሚያቀርቡት ምስጋና አብሮ እንደሚጠፋ አሳስበዋል። ይህን ከጭላዳ ጋር እናገናኘው። የቴሮፒቴከስ ወገን አንድ ጊዜ ሰፊ ነበር፤ ቅሪተ አካሉ ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ ሌላ በስፔን ሀገር በአንድ ዋሻ፣ በሕንድም ተገኝቷል። ከዚያ ሁሉ ቤት ዛሬ የቀረው ወራሽ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚግጠው ጭላዳ ብቻ ነው። እርሱ ቢጠፋ የሚዘጋው አንድ ክፍል ሳይሆን ሙሉ ቤት ነው።

ጭላዳ ውብ ስለሆነ ጠበቃ አያጣም። ለሌሎቹስ ማን ይቆማል? በዓለም ዙሪያ ባሉ ዋሻዎች፣ ብርሃን በማይደርስበት እርጥብ ድንጋይ ሥር፣ ዓይንና ቀለም የሌላቸው፣ ባለ ብዙ እግር፣ ከጥፍር የማይበልጡ ፍጥረታት ይኖራሉ። ሊቃውንት የእግራቸውንና የአፋቸውን ቅርጽ በማጉያ መነጽር እያዩ እስካሁን አዳዲስ ወገን ያቆሙላቸዋል። ሰው ካላያቸው ማን ያዝንላቸዋል? ሆኖም በአዳም ፊት የቀረበው ያማረው ብቻ እንደሆነ አልተጻፈም።

በአማራ ክልል ውስጥ ከዚህ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። በ1927 ከቺካጎ ቤተ መዘክር የመጡ ተመራማሪዎች በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ በውኃ ዳር የምትኖር አንዲት አይጥ ያዙ። ዊልፍሬድ ኦስጉድ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ወገን አቁሞላት «ኒሎፔጋሚስ» አላት፤ የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልተገኘም። በ2020 የታተመ ጥናት ከዚያችው ከአንዷ ቆዳ ዘረመል ወስዶ የኦስጉድ ፍርድ ልክ እንደነበረ አረጋገጠ፤ በእውነትም የራሷ ወገን ናት። በዚያ ምንጭ ዙሪያ ያለው ምድር ግን ታርሷል፣ ግጦሽ ሆኗል። ስሟ ትክክል መሆኑ ሲረጋገጥ ባለቤቲቱ ምናልባት ጠፍታለች።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለፍጥረት በመቆርቆር ነው። ነገር ግን የስሜን ሰዎች «እኛስ?» ብለው ቢጠይቁን ዝም ልንል አንችልም። በተራሮቹ ላይ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1960ዎቹ በተለይ ዋሊያን ለመጠበቅ ነው። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 ሥጋት ካለባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ከተተው፤ በ2017 አወጣው። ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የጊች ነዋሪዎችን፣ ከ400 በላይ አባወራዎችን፣ በ2016 ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር። ግጦሹ ተጎድቶ ነበር፤ ከብቱ ከዋሊያና ከጭላዳ ጋር በአንድ ሣር ላይ ይሻማ ነበር። ይህን አንክድም። ካሳም ተከፍሏል። ሆኖም ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ የኖረ ሰው በከተማ ዳር ቤት ሲሠራለት የቤቱን እንጂ የሙያውን ምትክ አያገኝም።

ዋሊያ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የኑብያ አይቤክስ ንኡስ ዝርያ የሚለው ጥያቄ በሊቃውንት ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። እንግዲህ የአንድ መንደር ዕጣ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነውን? ዋሊያ «ንኡስ» ቢባል የጊች ሰው ባለበት ይቀመጥ ነበርን? እንደዚያ ከሆነ በስም ላይ ብዙ ጭነናል። ዋሊያ የሚጠበቀው የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶዎች እዚያ ገደል ላይ ስላሉ ነው፤ ለዚህ የላቲን ስም ደረጃ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰውም እንዲሁ በወረቀት ላይ «ነዋሪ» ወይም «ሰፋሪ» ተብሎ መመደቡ በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን አይለውጥም። ተመዳቢው ሰው ሲሆን የመዳቢው ዕዳ ከሁሉ ይከብዳል፤ እንስሳው በተሰጠው ስም አይከራከርም፣ ሰው ግን ይሰማል። ስለዚህ ዋሊያን በየዓመቱ የሚቆጥር አገልግሎት ወደ ደባርቅ የተዛወሩት ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸውን፣ አባቶቻቸውም ሥራ ማግኘታቸውን በዚያው ትጋት እንዲቆጥር መጠየቅ ከምእመናን የሚጠበቅ ነው እንላለን። ሁለቱ ቆጠራዎች የሚቃረኑ አይመስለንም፤ ፓርኩን የሚጠብቁት፣ እንግዳውን በበቅሎ የሚመሩት የዚያው ምድር ሰዎች ናቸውና።

ጊች ዛሬ በመንገደኞች ካርታ ላይ አለ። ከሳንካበር ተነሥቶ ወደ እሜት ጎጎ የሚሄድ ተጓዥ ድንኳኑን የሚተክልበት የማረፊያ ሰፈር ስም ነው።